ድግግሞሽ፦ ከምኒልክ ሐውልት እስከ አራት ኪሎ ታክሲ

«ድግግሞሽ» የወጣው «ደገመ» ከሚለው ግስ ነው። ግሱ በግዕዝም በአማርኛም አለ፤ አንድን ነገር ሁለተኛ ጊዜ ማድረግ ማለት ነው። ዳግም፣ ዳግመኛ፣ ዳግማዊ ሁሉም የእሱ ዘሮች ናቸው። ፒያሳ፣ ከቅዱስ ጊዮርጊስ አጠገብ በ1923 ዓ.ም. የቆመው ሐውልት የዳግማዊ ምኒልክ ነው፤ የሁለተኛው ምኒልክ ማለት ነው። ሐውልቱም ሁለቴ ነው የቆመው። ፋሺስት ጣሊያን ነቅሎት ነበር፤ ከነፃነት በኋላ ዳግም ተተከለ።

ግሱ ለጸሎትም ያገለግላል። ጠዋት በዚያው ቤተ ክርስቲያን ግቢ መዝሙረ ዳዊት ይዞ የቆመ ሰው «ዳዊት ይደግማል» ይባላል። ገና ለመጀመሪያ ጊዜ ቢሆንም «ደገመ» ነው የሚባለው። 150ው መዝሙር ለሳምንቱ ቀናት ተከፋፍሎ ዕድሜ ልክ ስለሚመላለስ አባባሉ ያምርበታል።

ከሁሉ የሚገርመኝ ግን ሰዋስዉ ነው። አማርኛ መደጋገምን የሚናገረው ድምፅ እየደገመ ነው። አስተናጋጁ ብርጭቆ «ሰበረ» ከተባለ አንዴ ነው። «ሰባበረ» ከተባለ ግን ወይ ብርጭቆው ብዙ ነው፣ ወይ ስብርባሪው። ቆረጠ ቆራረጠ፣ ነካ ነካካ ይሆናል። ደገመም ደጋገመ ይሆናል፤ «ድግግሞሽ» ውስጥ «ግ» ሁለቴ የመጣው ለዚህ ነው። ቅጽልም እንዲሁ ነው፦ አዲስ አዳዲስ፣ ረጅም ረጃጅም። «ረጃጅም ሕንፃ» ካልን ብዛቱ ታወቀ፤ «ሕንፃዎች» ማለት እንኳ የግድ አይደለም።

ሙሉ ቃል ሲደገም መስማት የፈለገ አራት ኪሎ ታክሲ ይያዝ። ረዳቱ «ፒያሳ ፒያሳ ፒያሳ!» ይላል። ቀጥሎ «ቶሎ ቶሎ ግቡ!»፣ ከዚያ «ጠጋ ጠጋ በሉ!» ይመጣል። «ጠጋ ጠጋ» ሲል ሁሉም በየወንበሩ ትንሽ ትንሽ እንዲጠጋ ነው፤ ማንም ማብራሪያ አይጠይቅም። ስለዚህ ድርሰት ላይ የተደገመ ቃል ባዩ ቁጥር በቀይ እስክሪብቶ በሚሰርዙ ሰዎች አልስማማም። ሐሳቡ ያለ ምክንያት ከተደገመ ይውጣ። የቃል መደገም ግን ብዙ ጊዜ ትርጉም ይዞ ነው የሚመጣው።

በፊዚክስ ትምህርት ድግግሞሽ አንድ ሞገድ በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚመላለስ ነው፤ የሚለካውም በኸርዝ ነው።

የእንግሊዝኛው «ሪፒቲሽን» ሥሩ ላቲን ነው፤ «ዳግም መፈለግ» ከሚል ግስ የመጣ። ፈረንሳዮች በዚሁ ቃል የቴአትር ልምምድን ይጠሩበታል። በ1927 ዓ.ም. በተመሠረተው የፒያሳው ሀገር ፍቅር ቴአትር ቤት ግን ልምምድ ልምምድ ነው። እሱም ከ«ለመደ» መሐል «መ»ን ደግሞ የተሠራ ቃል ነው።