ከመኝታ በፊት ውሎን መመርመር

ከመኝታ በፊት ውሎን መመርመር ማለት ቀኑ ሲያልቅ ጸጥ ብሎ ተቀምጦ የሠሩትን፣ የተናገሩትንና ያጎደሉትን ከራስ ጋር መተሳሰብ ነው። በልዩ ልዩ ሃይማኖትና ፍልስፍና ውስጥ የኖረ ጥንታዊ ልማድ ነው።

ለጥንታዊው ግሪካዊ ፈላስፋ ለፓይታጎራስ የሚሰጡት «ወርቃማ ስንኞች» እንቅልፍ ሳይመጣ የዕለቱን ሥራ ሦስት ጊዜ መከለስን ያዛሉ፤ ስንኞቹ ግን በኋላ ሰዎች የተጻፉ ሳይሆኑ አይቀሩም።

ከሁሉ የተሟላውን ምስክርነት የተወልን እ.ኤ.አ. በ65 የሞተው ሮማዊው ፈላስፋ ሴኔካ ነው። ስለ ቁጣ በጻፈው ሥራ፣ ሴክስቲየስ የተባለ ፈላስፋ ማታ ማታ ነፍሱን እንዲህ እያለ ይጠይቃት እንደ ነበር ያወሳል፦ ዛሬ የትኛውን ሕመምሽን ፈወስሽ? የትኛውን ክፉ ጠባይ ተቋቋምሽ? በምንስ ተሻልሽ? የሴኔካም ምሽት ከዚህ አይርቅም። መብራቱ ከክፍሉ ይወጣል፤ ልማዱን የምታውቀው ሚስቱ ዝም ትላለች፤ እርሱም ቀኑን ሙሉ ይፈትሻል፣ ከራሱ አንዳች አይሸሽግም። የሚያነሳቸው ጥፋቶች የዕለት ተዕለት ናቸው፦ በክርክር ላይ ኃይለ ቃል መናገሩ፣ አንዱን ከልክ አልፎ ሲመክር ሳያርመው ማስቀየሙ። ፍርዱ «ዳግመኛ እንዳታደርገው፤ ለዛሬ ምሬሃለሁ» የሚል ነው። ልማዱን ራስን መውቀስ አድርገው የሚያቀርቡት ሰዎች ይህን ምሕረት ዘንግተዋል። ከዚያ በኋላ የሚመጣው እንቅልፍም የረጋ፣ ጥልቅና ነፃ እንደሆነ ሴኔካ ይናገራል።

በእስልምና ልማዱ ሙሐሰባ ይባላል፤ ቃሉ ከእኛው «ሒሳብ» ጋር አንድ ሥር አለው። እ.ኤ.አ. በ857 ባግዳድ ውስጥ ያረፈው ሊቅ አል ሙሐሲቢም ስሙን ያገኘው ከዚሁ ነው። እ.ኤ.አ. በ1548 በሮማው ጳጳስ የጸደቀው፣ የካቶሊካውያኑ የኢየሱሳውያን ማኅበር መሥራች የኢግናጥዮስ የጸሎት መመሪያ ደግሞ እርሳስና ወረቀት ያስጨብጣል፦ ሰውየው ሊተወው ለፈለገው አንድ ጥፋት በየቀኑ መስመር ያሰምራል፣ በወደቀ ቁጥር ነጥብ ያኖራል፣ ማታም የዛሬውን ከትናንቱ ያስተያያል። አሜሪካዊው ደራሲና የመንግሥት ሰው ቤንጃሚን ፍራንክሊን በየምሽቱ «ዛሬ ምን መልካም ሠራሁ?» ይል ነበር።

እ.ኤ.አ. በ2018 አሜሪካ ውስጥ በ57 ወጣቶች ላይ ተደርጎ የታተመ ጥናት፣ ከመተኛታቸው በፊት ለአምስት ደቂቃ የነገ ሥራቸውን የጻፉት የሠሩትን ከጻፉት ይልቅ ፈጥነው እንቅልፍ እንደ ወሰዳቸው አሳይቷል። ይህ ግን የሴኔካን ቃል አያፈርስም፤ ወጣቶቹ የጻፉት የሥራ ዝርዝር ነው፣ ራሳቸውን ይቅር እንዲሉ የጠየቃቸው የለም።