ሐይቅ እስጢፋኖስ፦ የሐዋርያት ተልእኮ በወሎ ምድር

ሐይቅ እስጢፋኖስ በደቡብ ወሎ፣ ከደሴ በስተሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ፣ በሐይቅ ከተማ አጠገብ የሚገኝ ጥንታዊ ገዳም ነው። የቆመው ወደ ሎጎ ሐይቅ ገባ ባለች የምድር ምላስ ላይ ነው። ድሮ ቦታዋ ዙሪያዋን በውኃ የተከበበች ደሴት ነበረች። ውኃው ሲሸሽ ከየብስ ጋር ተያያዘች፤ አሁን በእግር ይገባል። የወንዶች ገዳም ስለሆነ ሴቶች ወደ ውስጥ አይዘልቁም። ሐይቁ ከ20 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ስፋት አለው፤ ጥልቀቱም ከ80 ሜትር ያልፋል።

ስለ ላሊበላ ብዙ ተጽፏል። ስለ ግሸን ማርያምም እንዲሁ። ስለ ሐይቅ የተጻፈው ግን ተበታትኖ ነው ያለው። ግማሹ በገድላት፣ ግማሹ በብራና ዳር ማስታወሻዎች፣ ግማሹ ደግሞ በታሪክ ተመራማሪዎች ጥናት ውስጥ ነው። የአገራችን ገዳማዊ ሕይወት ከሰሜን ወደ መካከለኛውና ወደ ደቡቡ ክፍል የተሸጋገረው በዋናነት በዚህ ቤት በኩል ነው። ይህን ያህል ሥራ የሠራ ገዳም በአንድ ቦታ የተሰበሰበ ታሪክ ሊኖረው ይገባል።

ከኢየሩሳሌም የተነሣው ጉዞ

ገዳሙ የቅዱስ እስጢፋኖስን ስም መያዙ ከሥራው ጋር በጣም ይገጥማል። ይህን ለማየት ወደ ሐዋርያት ሥራ መመለስ ያስፈልጋል።

ጌታ ከትንሣኤው በኋላ ለአርባ ቀን ለሐዋርያት እየታየ አስተማራቸው። ከማረጉ በፊት ደግሞ ከኢየሩሳሌም ጀምረው እስከ ምድር ዳር ድረስ ምስክሮቹ እንዲሆኑ አዘዛቸው። ትእዛዙ ግልጽ ነው፤ ሂዱ ነው ያላቸው። እነሱ ግን ወዲያው አልሄዱም። ኃይል እስኪቀበሉ በኢየሩሳሌም እንዲቆዩ ስለታዘዙ በጸሎት ተግተው ቆዩ። 120 የሚያህሉ ሰዎች ነበሩ። በሃምሳኛው ቀን መንፈስ ቅዱስ ወረደ፤ ጴጥሮስ ሰበከ፤ በዚያው ቀን 3,000 ያህል ሰው ተጠመቀ። ጰራቅሊጦስ ስንል የምናከብረው ይህን ቀን ነው።

ማኅበሩ እየበዛ ሲሄድ በማዕድ ላይ ማጉረምረም ተነሣ። ለመበለቶች የሚሰጠው የዕለት ምግብ በትክክል አልደረሰም ተባለ። ለዚህ አገልግሎት ሰባት ዲያቆናት ተመረጡ፤ ቀዳሚው እስጢፋኖስ ነበር። ማዕድ እንዲያገለግል የተሾመው ሰው ትልቅ መስካሪ ሆኖ ተገኘ። በድንጋይ ተወግሮም ሞተ። ከእሱ ሞት በኋላ በኢየሩሳሌም ቤተ ክርስቲያን ላይ ስደት ሆነ፤ ምእመናኑ ተበተኑ። የተበተኑት ግን ዝም አላሉም፤ በሄዱበት ሁሉ ሰበኩ። ከሰባቱ አንዱ ፊልጶስ በጋዛ መንገድ ላይ ኢትዮጵያዊውን ጃንደረባ አገኘውና አጠመቀው። የውጭ ሊቃውንት የጃንደረባውን እመቤት ንግሥት ሕንደኬን በዛሬዋ ሱዳን የነበረችው የመርዌ ንግሥት ያደርጓታል። በቤተ ክርስቲያናችን ትውፊት ግን ጃንደረባው የኛው ባኮስ ነው፤ ወንጌልን ቀድሞ ያመጣልንም እሱ ነው።

በአራተኛው መቶ ክፍለ ዘመን ፍሬምናጦስ በእስክንድርያው ሊቀ ጳጳስ በአትናቴዎስ እጅ ጵጵስና ተሾሞ ተመለሰ። አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን የምንለው እሱን ነው። ቀጥሎ ዘጠኙ ቅዱሳን መጡ። ከእነሱ አንዱ አቡነ አረጋዊ ደብረ ዳሞን መሠረቱ። የወሎ ታሪክ የሚቀጠለው ከዚህ ከደብረ ዳሞ ላይ ነው።

የመጀመሪያው ቤተ ክርስቲያን

በገዳሙ ትውፊት መሠረት በሐይቁ ደሴት ላይ የእስጢፋኖስ ቤተ ክርስቲያን የታነጸው በዘጠነኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ በንጉሥ ድልናዖድ ዘመን ነው። ከዚያ እስከ አሥራ ሦስተኛው መቶ ክፍለ ዘመን ድረስ በቦታው አገልጋዮች ነበሩ፤ በኋላ ገዳሙን ያደራጁት አባ ኢየሱስ ሞዓም የመጡት ወደ ቆመ ቤተ ክርስቲያን ነው።

አባ ኢየሱስ ሞዓ

አባ ኢየሱስ ሞዓ በላስታ ዳህና በ1214 እ.ኤ.አ. እንደተወለዱ ይነገራል (ከዚህ በኋላ «ዓ.ም» ያልተባለበት ዘመን ሁሉ እ.ኤ.አ. ነው)። በወጣትነታቸው ወደ ደብረ ዳሞ ሄደው በአባ ዮሐኒ ሥር መነኮሱ። እዚያ ብራና ፍቀው፣ ቀለም በጥብጠው መጽሐፍ መገልበጥ ተማሩ። በ1248 አካባቢ ወደ ሐይቅ መጡ፤ እስኪያርፉም ድረስ አርባ አምስት ዓመት ያህል ገዳሙን አስተዳደሩ። ያረፉት በ1293 አካባቢ ነው።

ሐይቅን ሐይቅ ያደረጉት እሳቸው ናቸው። ቦታውን የጋራ ኑሮ ያለው ገዳምና የታወቀ ጉባኤ ቤት አደረጉት። ከመላው አማራ፣ ከላስታና ከሸዋ ተማሪ ይጎርፍ ጀመር። በዚያ ጊዜ ለመካከለኛው የአገሪቱ ክፍል ልጅ ደብረ ዳሞ ሩቅ ነበር። አሁን ትምህርቱ ደጁ መጣለት።

ከሥራቸው በእጅ የሚዳሰስ ማስረጃ አለ። አባ ኢየሱስ ሞዓ ለገዳሙ የሰጡት አራቱ ወንጌል ዛሬም በሐይቅ ይገኛል። ብራናው 1273 ዓ.ም፣ ማለትም 1280/81 እ.ኤ.አ. የተባለ ዘመን ተጽፎበታል። ዘመናቸው በውል ከታወቀ የግእዝ ባለ ሥዕል ብራናዎች መካከል ከቀደሙት ተርታ የሚቆም ነው። የወንጌላውያኑ ሥዕል አለበት፤ የራሳቸው የአባ ኢየሱስ ሞዓ ሥዕልም አለበት። መጽሐፉን ለእስጢፋኖስ ቤት መስጠታቸውን የሚናገር ማስታወሻም ሰፍሮበታል። የስምንት መቶ ዓመት ያህል ታሪክን በስማ በለው ሳይሆን በራሱ በባለቤቱ ዘመን ጽሑፍ ማየት በአገራችን ብዙ ጊዜ አይገጥምም። ጦርነቱንም፣ የውኃውን እርጥበትም ተቋቁመው ብራናውን እስከዛሬ ያቆዩት መነኮሳት ትልቅ ምስጋና ይገባቸዋል።

ተማሪዎቹስ? እዚህ ላይ ነው የእስጢፋኖስ ስም ትርጉም የሚያገኘው። አቡነ ተክለ ሃይማኖት ከሸዋ መጥተው በሐይቅ ለዓመታት ተቀመጡ። በመምህራቸውም ሥር ተማሩ፣ አገለገሉ። ከዚያ ወደ ደብረ ዳሞ ዘልቀው፣ በኋላ ወደ ሸዋ ተመልሰው ደብረ አስቦን መሠረቱ። ይህ በኋላ ደብረ ሊባኖስ የተባለው ነው። አባ ኂሩተ አምላክ ደግሞ ወደ ጣና ሄደው የዳጋን ገዳም አቀኑ። ያም ገዳም በእስጢፋኖስ ስም ነው የሚጠራው። የሐይቅ ልጆች የተማሩትን ይዘው ወጡ፤ በሄዱበትም ሌላ ጉባኤ ቤት ተከሉ። ከኢየሩሳሌም የተበተኑት ምእመናን ያደረጉት ይህንኑ ነበር። በእርግጥ ከሐይቅ ያስወጣቸው ስደት አይደለም፤ መምህራቸው ናቸው የላኳቸው።

ገዳሙና ቤተ መንግሥቱ

በ1270 ይኩኖ አምላክ የዛጉዌን ሥርወ መንግሥት ተክቶ ነገሠ። በዚህ ለውጥ ውስጥ የቤተ ክርስቲያን እጅ እንዳለበት ሁሉም ይስማማል። የማን እጅ እንደሆነ ግን ያከራክራል። የደብረ ሊባኖስ ትውፊት ሥራውን ለአቡነ ተክለ ሃይማኖት ይሰጣል፤ ለቤተ ክርስቲያንም የአገሩ ሲሶ ተሰጣት ይላል። የሐይቅ ትውፊት ደግሞ ይኩኖ አምላክ በልጅነቱ በሐይቅ ተምሯል፣ የረዱትም አባ ኢየሱስ ሞዓ ናቸው ይላል። ታደሰ ታምራትን የመሰሉ የታሪክ ሊቃውንት ወደ ሐይቅ ያደላሉ። ምክንያቱም ቀላል ነው። ይኩኖ አምላክ የተነሣው ከአማራ ምድር ነው፤ ሐይቅም ደጃፉ ላይ ነበር። አቡነ ተክለ ሃይማኖት በዚያን ጊዜ ገና ደቀ መዝሙር ነበሩ።

የሐይቅ አበ ምኔት ዐቃቤ ሰዓት የሚባለውን ማዕረግ የያዘው በዚህ ዘመን እንደሆነ ይታመናል። ዐቃቤ ሰዓቱ የንጉሡን የቀን ውሎና ቀጠሮ ይቆጣጠር ነበር። ማን መቼ ንጉሡ ፊት እንደሚቀርብ የሚወስን ሰው ምን ያህል ጉልበት እንዳለው መገመት አያዳግትም። ጳጳሱ ከግብፅ ይመጣ በነበረበት ጊዜ ዐቃቤ ሰዓቱ ከአገሬው ካህናት ሁሉ ከፍ ብሎ ይታይ ነበር። በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን ዐቃቤ ሰዓት አምኃ ጽዮን ከንጉሡ አጠገብ የማይጠፉ ባለሟል ነበሩ።

ሹመቱ ዋጋም አስከፍሏል። አበ ምኔቱ በቤተ መንግሥት ሲውሉ ገዳሙ አባት ያጣል። ገዳሙም በመንግሥት ጉዳይ ውስጥ ወገን መያዝ ይመጣበታል። በ1400 ስለ ቀዳሚት ሰንበት በተነሣው ክርክር ዐቃቤ ሰዓት ሠረቀ ብርሃን ከጳጳሱ ከአባ በርተሎሜዎስ ጎን ቆመው ቀዳሚት ትከበር የሚሉትን የአባ ኤዎስጣቴዎስን ልጆች፣ ማለትም ደቀ መዛሙርት፣ ተቃወሙ። በ1450 በደብረ ምጥማቅ ጉባኤ ግን ቀዳሚትም እሑድም እንዲከበሩ ተወሰነ። በዚህ ነገር የኤዎስጣቴዎስ ልጆች ረቱ። በኋላ ዘመን ደግሞ ከአገሬው ካህናት የበላይ የሆነው እጨጌ የሚባለው የደብረ ሊባኖሱ አበ ምኔት ነው። ልጁ አባቱን ተካ ቢባል ያስኬዳል።

አባ ጊዮርጊስ ዘጋስጫ

ሐይቅ ካፈራቸው ሊቃውንት አባ ጊዮርጊስን በድርሰት የሚተካከል የለም። ገድላቸው እንደሚለው ወደ ሐይቅ የገቡት በልጅነታቸው ነው። ትምህርቱ ግን አልገባ አላቸው። ቀለም አይዝም ተባሉ። ስለዚህ ለማኅበሩ እህል እንዲፈጩ ታዘዙ። ጉልበታቸውን አጥፈው በድንጋይ ወፍጮ ላይ ለዓመታት ለመነኮሳቱ ፈጩ፤ እየፈጩም ይጸልዩ ነበር። በእመቤታችን አማላጅነት አእምሯቸው የተከፈተው ከዚህ በኋላ ነው ይላል ገድሉ። ማዕድ ያገለገለውን እስጢፋኖስን የሚያስታውስ ታሪክ ነው።

በኋላ ሰዓታትን ደረሱ፤ ዛሬ በየአድባራቱ ሌሊት የሚቆመው ሰዓታት የእሳቸው ነው። መጽሐፈ ምስጢርን በ1424 ጨረሱ። መጽሐፉ ከአርዮስ ጀምሮ የተነሡ መናፍቃንን አንድ በአንድ እያነሣ መልስ ይሰጣል። ጋስጫም ራሷ በወሎ ቦረና ናት። በዓላቸው ሐምሌ 7 ይውላል።

የ1520ዎቹና የ1531 ነገር

በ1520 ከፖርቱጋል መልእክተኞች ጋር የመጣው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ሐይቁንና በደሴቷ ላይ ያለውን የእስጢፋኖስ ገዳም ጠቅሷል። መነኮሳቱ ታንኳ አልነበራቸውም። ደንገል አስረው፣ ትልልቅ ቅሎች አንጠልጥለውበት፣ በዚያ ላይ ሆነው ይሻገሩ ነበር። በሐይቁ ውስጥ ጉማሬ እንደነበረም ጽፏል።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ፣ በ1531፣ የኢማም አሕመድ (ግራኝ) ሠራዊት ሐይቅ ደረሰ። የኢማሙ የራሱ ዜና ጸሐፊ ነገሩን በዝርዝር ዘግቦታል። ወታደሮቹ መሻገሪያ ሠርተው ወደ ደሴቷ ለመግባት ተነሡ። መነኮሳቱ ቤተ ክርስቲያኑ እንዳይቃጠል ብለው ያላቸውን የወርቅና የብር ንብረት አስረከቡ። በዚያን ዓመት በአማራ ምድር ንዋየ ቅድሳታቸው ተዘርፎ የተቃጠሉት ብዙ ናቸው፤ መካነ ሥላሴ አንዷ ናት። መነኮሳቱ ንብረቱን ሰጥተው ቤቱን ማዳናቸው ትክክለኛ ውሳኔ ነበር። አባ ኢየሱስ ሞዓ የሰጡትን ወንጌልም ዛሬ የምናየው ከዚህ ሁሉ ተርፎ ነው።

ከዚያ በኋላ ባሉት ሦስት መቶ ዓመታት ገዳሙ የቀድሞ ሥልጣኑን አጥቷል፤ ጸሎቱን ግን አላጓደለም።

ቦሩ ሜዳ እና ወሎ

በ1870 ዓ.ም (1878 እ.ኤ.አ.) ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ ከደሴ አቅራቢያ ቦሩ ሜዳ ላይ ጉባኤ ጠሩ። ንጉሥ ምኒልክም ተገኙ። ስለ ክርስቶስ ባሕርይ የተነሡት ቅባትና ጸጋ የተባሉት ትምህርቶች ተረትተው ተዋሕዶ ጸናች። ለቤተ ክርስቲያን ይህ ታላቅ ቀን ነው፤ ወሎ ላይ መሆኑም ያኮራል።

ከዚሁ ጋር ግን የወሎ ሙስሊሞች እንዲጠመቁ አዋጅ ወጣ። ኢማም መሐመድ አሊ ተጠምቀው ራስ ሚካኤል ተባሉ፤ በኋላም ንጉሥ ሆኑ። ሌሎች ግን አሻፈረኝ አሉ፤ ሼህ ጠልሃ ተቃውሞ መርተዋል። ብዙ ሰው ተሰደደ። ይህን ሳያድበሰብሱ መጻፍ ይገባል። ጴጥሮስ በጰራቅሊጦስ ቀን ሰበከ እንጂ አላስገደደም። ከሐይቅ የወጡት መነኮሳትም የሄዱት መጽሐፍና መስቀል ይዘው ነው። በአዋጅ የሚሆን ጥምቀት ከዚያ ተልእኮ ጋር አይሄድም።

ወሎ ደግሞ የራሱን መንገድ ይዟል። በሐይቅ ዙሪያ፣ በተሁለደሬ፣ የሚበዛው ሕዝብ ሙስሊም ነው። በአንድ ቤተሰብ ውስጥ ክርስቲያንና ሙስሊም መኖሩ ለወሎዬ ብርቅ አይደለም። ለሠርግ ለየእምነቱ ለየብቻ ይታረዳል፤ ደስታው ግን የጋራ ነው። ለቅሶም እንዲሁ አብሮ ይደረሳል።

ገዳሙ ዛሬ

የገዳሙ ዓመታዊ በዓላት ጥቅምት 17 የእስጢፋኖስ ሢመተ ዲቁና፣ ጥር 1 ዕረፍቱ፣ ኅዳር 26 ደግሞ የአባ ኢየሱስ ሞዓ ዕረፍት ናቸው። ለመስከረም 21 ወደ ግሸን ደብረ ከርቤ የሚወጣ ምእመን ከደሴ ሲነሣ በሐይቅ ከተማ በኩል ነው የሚያልፈው። ጊዜ ያለው ሰው ግሸን ሲሄድ ወይም ሲመለስ ወደ ገዳሙ ጎራ ብሎ ተሳልሞ ሊያልፍ ይችላል።