የግል ገመናና የመንግሥት ዓይን

«ምንም ካላጠፋህ ምን ያስፈራሃል?» ስለ መንግሥት ክትትል ወሬ ሲነሳ ይህቺ ጥያቄ አትቀርም። ግን ምንም ያላጠፋ ሰውም በሩን ዘግቶ ነው የሚታጠበው። ገመና ያለው ሁሉ ወንጀለኛ አይደለም።

ሕጉም የሚነሳው ከዚህ ነው። በ1948 የወጣው ሁለንተናዊ የሰብዓዊ መብቶች መግለጫ በአንቀጽ 12 የማንም ሰው የግል ሕይወት፣ ቤተሰብ፣ ቤትና ደብዳቤ በዘፈቀደ እንዳይደፈር ይከለክላል (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። የ1966ቱ የሲቪልና የፖለቲካ መብቶች ቃል ኪዳንም በአንቀጽ 17 ይህንኑ ይደግማል። ዋናዋ ቃል «በዘፈቀደ» ናት። ቦምብ ለማፈንዳት የሚያሴር ሰው ስልኩ ቢጠለፍ የሚቃወም ብዙም የለም። ክርክሩ የሚከረው ማን ፈቀደ፣ በማን ላይ፣ ለስንት ጊዜ በሚሉት ላይ ነው።

ድሮ ስለላ ጉልበት ይፈጅ ነበር። የምሥራቅ ጀርመኑ ምሥጢራዊ ፖሊስ ስታዚ በ1989 ወደ 91,000 የሚጠጉ ቋሚ ሠራተኞች ነበሩት፤ ያውም ጠቋሚዎቹን ሳይጨምር። ፖስታ በእንፋሎት ከፍተው፣ አንብበው፣ መልሰው ያሽጉ ነበር። የተጠርጣሪን ጠረን በጨርቅ ወስደው፣ ለአነፍናፊ ውሻ እንዲሆን በጠርሙስ ያስቀምጡ ነበር። ትተውት የሄዱት ፋይል ቢደረደር 111 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። ዛሬ ይህን ሁሉ መልፋት አያስፈልግም። ኪሳችን ውስጥ ያለችው ስልክ ሳንነካት ታቃጥርብናለች።

እንዴት? ስልክ እስከበራ ድረስ በአቅራቢያው ካለ የኔትወርክ ማማ ጋር ይገናኛል፤ ኩባንያው ይህንን ይመዘግባል። አሜሪካ ውስጥ መርማሪዎች በዝርፊያ የተጠረጠረን ሰው የ127 ቀን መዝገብ ያለ ብርበራ ማዘዣ፣ ከዚያ በላላ የፍርድ ቤት ትዕዛዝ ብቻ ወሰዱ። የተገኘው 12,898 ቦታ ጠቋሚ ነጥብ ነው። በቀን ወደ 101 መሆኑ ነው። በ2018 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ 5 ለ4 በሆነ ድምፅ፣ እንዲህ ላለው መረጃ እንደ ደንቡ የብርበራ ማዘዣ ያስፈልጋል ብሎ ወሰነ።

«ንግግራችሁን አልሰማንም፤ ማን ለማን እንደደወለ ብቻ ነው የያዝነው» የሚለው መልስ እኔን አያጽናናኝም። አንድ ሰው ጠዋት ለካንሰር ሐኪም ደወለ እንበል። ወዲያው ከእህቱ ጋር አንድ ሰዓት አወራ። ከሰዓት በኋላ ለጠበቃ ደወለ። ምን እንደተባባሉ መስማት ያስፈልጋል? የአሜሪካ የስለላ ተቋማትን የመሩት ጄኔራል ማይክል ሄይደን ራሳቸው በ2014 በሜታዳታ (ማን ለማን፣ መቼ እንደደወለ በሚያሳይ መዝገብ) ተመሥርተን ሰው እንገድላለን ብለው በአደባባይ ተናግረዋል።

ለአሜሪካ ብሔራዊ ደኅንነት ኤጀንሲ በኮንትራት ይሠራ የነበረው ኤድዋርድ ስኖውደን በ2013 ያወጣው ሰነድ ኤጀንሲው ይህንኑ የጥሪ መዝገብ ከሚሊዮኖች በጅምላ እንደሚሰበስብ አጋለጠ። ምክንያቱ ሽብርን መከላከል ነው ተባለ። በመንግሥት የተቋቋመ ገለልተኛ ቦርድ መዝገቡን አገላብጦ በጥር 2014 ሪፖርት አወጣ። ፕሮግራሙ የአንድም የፀረ ሽብር ምርመራ ውጤት ላይ ተጨባጭ ለውጥ ያመጣበት አጋጣሚ አላገኘም። በ2015 ኮንግረስ የጅምላ ስብሰባውን በሕግ አስቆመ።

የጸጥታ ሰዎች ክርክር ግን እንዲሁ የሚጣል አይደለም። ቀድሞ የተነገረ ጠለፋ ጠለፋ አይደለም። ስለዚህ ፈቃዱ በዝግ መሰጠቱ ግድ ነው፤ ችግሩም ከዚሁ ይመጣል። በ1978 በአሜሪካ የተቋቋመው የስለላ ፍርድ ቤት 11 ዳኞች አሉት፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚሰሙት የመንግሥትን ወገን ብቻ ነው። የሚጠለፈው ሰው ጠበቃ አያቆምም፤ መጠለፉንስ መች ያውቅና! የአውሮፓ የሰብዓዊ መብቶች ፍርድ ቤት ደግሞ በ2021 በብሪታንያ ጉዳይ መሀል መንገድ ያዘ። የጅምላ ጠለፋ በራሱ ክልክል አይደለም አለ፤ ግን ገና ሲጀመር ከመንግሥት ነፃ የሆነ አካል ይፍቀደው። ሚኒስትር ብቻ ይፈርምበት የነበረው የብሪታንያ አሠራር በዚህ ወደቀ። አገሪቱ በ2016 ባወጣችው ሕግ ከሚኒስትሩ ፊርማ በላይ የዳኛ ይሁንታ ቀድማ ጨምራ ነበር።

ሌላም ስጋት አለ። ለመንግሥት ተብሎ የተሠራ ቀዳዳ መንግሥትን ብቻ ለይቶ አያሳልፍም። የስልክ ኩባንያዎች ማዘዣ ሲመጣ የሚጠልፉበት አሠራር መሣሪያቸው ውስጥ ተሰርቶ ይመጣል። ግሪክ ውስጥ በ2004 ሰርጎ ገቦች የአንድ ሞባይል ኩባንያ ሲስተም ውስጥ ገብተው ይህንኑ አሠራር በድብቅ አስነሱት። ከ100 በላይ ስልኮች ለወራት ተጠለፉ። ከተጠለፉት አንዱ የጠቅላይ ሚኒስትሩ ስልክ ነበር።