ገበናና አደባባይ፦ ስለ ካሜራ፣ ስልክና ቲክቶክ በስህተት የምናምናቸው

«ገበናችን አደባባይ የወጣው ፌስቡክ ሲመጣ ነው።»

ስሞታው ከፌስቡክ በጣም ይቀድማል። ኮዳክ በእጅ የሚያዝ ቀላል ካሜራውን በ1888 እ.ኤ.አ. ለገበያ አወጣ። ከሁለት ዓመት በኋላ ዋረንና ብራንዳይስ የተባሉ የቦስተን ጠበቆች በሃርቫርድ የሕግ መጽሔት ላይ ጻፉ። ፈጣን ካሜራና ወሬኛ ጋዜጣ ጓዳችን ድረስ ገቡብን፤ ሰው «ተዉኝ» የማለት መብት አለው አሉ።

«ድሮ የስልክ ወሬ በሁለት ሰው መካከል ይቀር ነበር።»

ይቺ ትገርመኛለች። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ፣ በአሜሪካ ገጠር ብዙ ቤቶች አንድ የስልክ መስመር ይጋሩ ነበር። ጥሪው የማን እንደሆነ የሚለየው በደወሉ ነው። ለአንዱ ቤት ሁለት ረጅም፣ ለሌላው አንድ ረጅምና አንድ አጭር። ደወሉ ግን ሁሉም ቤት ይሰማል። ስልኩን ቀስ ብሎ ያነሳ ጎረቤት ወሬውን እስከ መጨረሻው ይኮመኩማል። ሰሚው ሲበዛ ድምፁ ይደክማል፤ ተናጋሪዎቹም ጆሮ መብዛቱን በዚያ ያውቁ ነበር። ስልክ የሁለት ሰው ጉዳይ የሆነው ለየቤቱ የራሱ መስመር ሲገባለት ነው። ለካ ምስጢርም ሽቦና ገንዘብ ይፈልጋል!

«ቴሌግራም ላይ የምንጻጻፈው ሁሉ የተቆለፈ ነው።»

አይደለም። ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚመሰጠረው፣ ማለትም ከሁለቱ ተጻጻፊዎች በቀር ኩባንያው እንኳ የማያነበው፣ «ሚስጥራዊ ቻት» ብቻ ነው። ተራው ቻትና ግሩፑ ኩባንያው ሰርቨር ላይ ይቀመጣል። ስክሪንሾት የሚያነሳ ወዳጅ ካለህማ ምስጠራውም አያድንህ።

«ሰውን በሰው መሃል ብቸኛ ያደረገው ስማርትፎን ነው።»

ብቻ መሆኑ ከስማርትፎን ይቀድማል። ሶኒ በ1979 እ.ኤ.አ. ያወጣው የመጀመሪያው ዎክማን (በእጅ የሚያዝ ካሴት ማጫወቻ) ለሁለት ሰው የጆሮ ማዳመጫ መሰኪያ ነበረው። ሙዚቃውን ዝቅ አድርጎ ለማውራትም ብርቱካናማ ቁልፍ ተገጥሞለታል። ብቻን መስማት ነውር እንዳይመስል ተሰግቶ ነው። ገዢው ግን የፈለገው ብቻውን መስማት ሆነ።

«መንገድ ላይ ካለሁ ማንም ቀርጾ ቲክቶክ ላይ ሊለጥፈኝ ይችላል።»

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን አንቀጽ 27 የሰው ምስል ያለ ፈቃዱ በአደባባይ እንዳይታይ፣ እንዳይባዛና እንዳይሸጥ ይከለክላል። ቲክቶክ ሊታሰብ እንኳ በማይችልበት ዘመን! አንቀጽ 28 ግን በር ይከፍታል፦ ለታዋቂ ሰው፣ ለባለሥልጣን፣ ለፍትሕና ለፖሊስ ሥራ፣ በአደባባይ ለሚደረግ ሥነ ሥርዓት። ጥምቀትን ጃንሜዳ ስታከብር ከሕዝቡ መሃል ብትታይ ይህ አንቀጽ ለቀራጩ ይደርስለታል። ታክሲ ሰልፍ ላይ ስታዛጋ ለይቶ ቀርጾ መሳቂያ ላደረገህ ግን ማምለጫው ይጠብበታል። አንቀጽ 29 «አንሳልኝ» የማለት መብት ሰጥቶሃል። ፍርድ ቤትም በምስልህ ካገኘው ጥቅም ካሳ ሊያስከፍለው ይችላል።