ለምታጠባ እናት በቂ ፕሮቲን ምን ማለት ነው?

በጎንደር አራስ ሊጠይቅ የገባ ሰው «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ብሎ ገና ቁጭ ሲል፣ መሐሉ ጎድጎድ ተደርጎ በቅቤና በበርበሬ የተሞላ ገንፎ ይቀርብለታል። ለአራሷም ገንፎው፣ አጥሚቱ፣ የዶሮው ወይም የበጉ መረቅ እየተፈራረቀ ይመጣላታል፤ እናቷ፣ አማቷና ጎረቤቶቿ «ብዪ እንጂ፣ ለልጅሽ ወተት ይሆናል» እያሉ ያጎርሷታል። ሕፃኑ ወንድ ከሆነ በ40፣ ሴት ከሆነች በ80 ቀን ክርስትና ተነሥቶ እንግዳው ሲበተን ግን ያ ሁሉ መሰናዶ አብሮ ይበተናል። እናት ወደ ጓዳዋና ወደ ሥራዋ ትመለሳለች፣ ገበታዋም የቤተሰቡ ገበታ ይሆናል፤ ልጇ ግን ገና ለብዙ ወራት፣ አንዳንዴም 2 ዓመት እስኪሞላው ድረስ ይጠባል። «በቂ ፕሮቲን» የሚለው ጥያቄ ክብደቱ የሚታወቀው በአራስነቱ ጊዜ ሳይሆን፣ ማንም «ብዪ» በማይላት በዚያ ረጅም ጊዜ ነው።

ፕሮቲን በትምህርት ቤት «ገንቢ ምግብ» እየተባለ የምንማረው የምግብ ክፍል ነው። ጡንቻ፣ ቆዳ፣ በሽታን የሚከላከሉ የደም ክፍሎች፣ ምግብን የሚያብላሉ ኢንዛይሞች ሁሉ የሚሠሩት ከእርሱ ነው። ፕሮቲን ራሱ አሚኖ አሲድ የሚባሉ ጥቃቅን ክፍሎች የተቀጣጠሉበት ሰንሰለት ሲሆን፣ ከ20ዎቹ አሚኖ አሲዶች መካከል 9ኙን ሰውነት ራሱ መሥራት ስለማይችል ከምግብ ማግኘት አለበት። ደግሞም ሰውነት ስብን ለክፉ ቀን እንደሚያከማች ሁሉ ፕሮቲንን የሚያስቀምጥበት ጎተራ የለውም፤ ከምግብ ሲጎድልበት የሚበደረው ከራሱ ሥጋ፣ በተለይም ከጡንቻው ነው።

ከወሊድ በኋላ በመጀመሪያዎቹ ቀናት የሚመጣው ወፍራምና ቢጫማ እንገር ከኋለኛው ወተት ይልቅ በፕሮቲን የበለጸገ ነው። ከዚህም ፕሮቲን ብዙው ሕፃኑን ከበሽታ የሚጠብቅ በመሆኑ፣ አንዳንድ ቦታ እንደሚደረገው እንገሩን አልቦ መድፋት ልጁን ከመጀመሪያው መከላከያው መለየት ነው። ከሳምንታት በኋላ የሚመጣው ወተት ግን በ1 ሊትር ውስጥ የሚይዘው 10 ግራም ገደማ ፕሮቲን ብቻ ነው፤ የላም ወተት ከ30 ግራም በላይ ይይዛል። ይህ የእናት ወተት ጉድለት አይደለም። ጥጃ ፈጥኖ ያድጋል፣ የሰው ልጅ ደግሞ ቀስ ብሎ፤ ወተቱም የተመጠነው በየልጁ ልክ ነው። ጡት ብቻ የሚጠባ ሕፃን በቀን ከ750 እስከ 800 ሚሊ ሊትር ገደማ ስለሚጠባ፣ እናቲቱ በየቀኑ 8 ግራም ያህል ፕሮቲን ለልጇ ታወጣለች ማለት ነው።

አንድ እንቁላል 6 ግራም ገደማ ፕሮቲን እንዳለው የሚያውቅ ሰው «ታዲያ አንድ እንቁላል ተኩል ብትጨምር አይበቃትም?» ቢል አይፈረድበትም። ነገር ግን የተበላው ፕሮቲን ሁሉ ወተት አይሆንም፤ ሰውነት ፕሮቲንን ወደ ወተት ሲለውጥ ከግማሽ በላይ የሚሆነው በመንገድ ይቀራል። በዚህም ምክንያት የዓለም ጤና ድርጅት፣ የምግብና የእርሻ ድርጅት እና የተባበሩት መንግሥታት ዩኒቨርሲቲ በ2007 እ.ኤ.አ. በጋራ ባወጡት መመሪያ፣ የምታጠባ እናት ከተለመደው በላይ በመጀመሪያዎቹ 6 ወራት በቀን 19 ግራም፣ ከዚያ በኋላ ደግሞ 12.5 ግራም ፕሮቲን እንድትጨምር ተቀምጧል። የተለመደው የአዋቂ ሰው መጠን ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደት 0.83 ግራም ነው። እንግዲህ 50 ኪሎ የምትመዝን እናት 41 ግራም ተኩል ገደማ ለራሷ፣ 19 ግራም ለወተቱ፣ በድምሩ 60 ግራም ያህል ያስፈልጋታል። አሜሪካውያን የሚጠቀሙበት ስሌት ለእያንዳንዱ ኪሎ 1.3 ግራም ስለሚል፣ ለዚህችው እናት 65 ግራም ይመጣል። የእህልና የጥራጥሬ ፕሮቲን የወተትንና የእንቁላልን ያህል በቀላሉ ስለማይፈጭ፣ በአብዛኛው እንጀራና ሽሮ ለምትበላ እናት ወደ ላይኛው ቁጥር መጠጋት ይሻላል እላለሁ።

ብዙ እናቶች «ደህና ስላልበላሁ ወተቴ ቀጠነ» እያሉ ይጨነቃሉ፤ ከጭንቀቱም የተነሣ ቶሎ ወደ ጡጦ የሚሄዱ አሉ። እውነቱ ግን ተቃራኒ ነው ማለት ይቻላል። እናቲቱ የምትበላው ፕሮቲን ቢያንስም በወተቷ ውስጥ ያለው የፕሮቲን መጠን ብዙም አይለወጥም፤ ሰውነቷ ከራሷ ጡንቻ ቀንሶ የልጁን ድርሻ ይሞላል። ልጁ ወፍሮ እናቱ የከሳችባት ቤት ስናይ «ልጁ ጠባት» የምንለው ከዚህ የራቀ አይደለም። ስለዚህ በማጥባት ጊዜ ስለ ፕሮቲን የሚጠየቀው ጥያቄ በዋናነት የልጁ ሳይሆን የእናቲቱ ጥያቄ ነው፦ ከወሊድ የቆሰለ አካሏ በወጉ እንዲጠገን፣ ጉልበቷ እንዲመለስ፣ ቀጣዩን እርግዝና ባዶዋን እንዳትጀምር ነው የምትበላው። ከወለዱ ከ3 ወይም ከ4 ወር በኋላ የሚረግፈውን ፀጉር ብዙ ሰው የፕሮቲን እጥረት ምልክት አድርጎ ያየዋል፤ እርሱ ግን በአብዛኛው ከወሊድ በኋላ ከሚደረግ የሆርሞን ለውጥ የሚመጣና በጊዜው የሚመለስ ነው።

ስለ ገንፎው አንድ ነገር ሳልናገር ማለፍ አልፈልግም። ቅቤ ፕሮቲን የለውም ማለት ይቻላል፤ በ100 ግራም ውስጥ 1 ግራም እንኳ አይሞላም። የገብሱ ዱቄት በ100 ግራም 10 ግራም ገደማ ይዟል። ይህን ሰምቶ የእናቶቻችንን ገንፎ የሚንቅ ቢኖር ግን ስቷል። የምታጠባ እናት ከፕሮቲኑ ጋር በቀን 500 ኪሎ ካሎሪ ገደማ ተጨማሪ ኃይል ያስፈልጋታል፤ ይህ ኃይል ካልተገኘ ሰውነቷ የበላችውን ፕሮቲን ለግንባታ ከማዋል ይልቅ እንደ ማገዶ ያነደዋል። ቅቤው ፕሮቲን ባይሆንም ፕሮቲኑን ከመንደድ ያድናል ማለት ነው። የጤና ባለሙያዎች የምታጠባ እናት በቀን ከተለመደው ሌላ ሁለት ተጨማሪ ጊዜ ትብላ የሚሉትም ስለዚህ ነው። የሚጎድለው ገንፎው ላይ ሳይሆን ከገንፎው አጠገብ ነው፦ አንድ ብርጭቆ ወተት፣ አንድ እንቁላል፣ ወይም ከገብሱ ጋር አብሮ የተፈጨ ጥቂት ሽምብራ።

የጥራጥሬው ነገር ሰፋ ተደርጎ ቢታይ ይገባዋል። ጤፍ፣ ገብስ፣ ስንዴና ማሽላ ላይሲን የሚባለው አሚኖ አሲድ ያንሳቸዋል፤ ጤፍ ከሌሎቹ ጥቂት ይሻላል። ምስር፣ ሽምብራ፣ ባቄላና አተር ደግሞ በላይሲን የበለጸጉ ሆነው ሜታዮኒን የሚባለው ይጎድላቸዋል። ሁለቱ ሲገናኙ አንዱ የሌላውን ቀዳዳ ስለሚደፍን የፕሮቲኑ ጥራት ከፍ ይላል፤ በአንድ ትሪ ላይ መገናኘታቸውም ግዴታ አይደለም፣ በአንድ ቀን ውስጥ መበላታቸው ይበቃል። ይህን ለማወቅ ቤተ ሙከራ ያላየው የአገራችን ጓዳ ከጥንት ጀምሮ እህልና ጥራጥሬን ሲያጋባ ኖሯል። በጸሎተ ሐሙስ የሚበላው ጉልባን ስንዴና ባቄላ ነው፤ ንፍሮው ስንዴና ሽምብራ ነው፤ ቆሎው ገብስና ሽምብራ ነው፤ ሽሮ በእንጀራም ያው ነው። ከመተማ ቆላ የሚመጣው ሰሊጥ ደግሞ በሜታዮኒን የተሻለ በመሆኑ፣ ተቆልቶና ተፈጭቶ ከሽምብራ ወይም ከባቄላ ጋር ቢበላ መልካም ጓደኛ ይሆነዋል።

በቁጥር ሲታይ ነገሩ ከሚያስፈራው ይቀላል። ጠዋት ከ100 ግራም የገብስ ዱቄት የተሠራ ገንፎ 10 ግራም፣ ከእርሱ ጋር አንድ ብርጭቆ ወተት ከ6 ግራም በላይ፤ ምሳ ላይ 100 ግራም ያህል የጤፍ ዱቄት ያለበት እንጀራ 11 ግራም ገደማ፣ ከ50 ግራም ሽሮ ዱቄት የተሠራው ወጥ 10 ግራም፤ ከሰዓት በኋላ አንድ ሁለት እፍኝ ቆሎ 5 ግራም፤ ማታ ደግሞ ያው እንጀራ ከ50 ግራም ምስር ወጥ ጋር 23 ግራም ገደማ ይሆናሉ። ድምሩ 65 ግራም ደረሰ፤ ሥጋ ግን ገና አልተነካም። ይህ ስሌት የሚፈርሰው ሽሮው ሲቀጥን ነው። ለ2 ሰው የሚበቃ ዱቄት በውኃ ተበርዞ ለ6 ሰው ሲቀርብ ትሪው ቢሞላም ፕሮቲኑ የለም፤ እናት ደግሞ ብዙ ጊዜ ከሁሉ በኋላ የምትበላ ስለሆነች የሚደርሳት ከቀጠነውም የተረፈው ነው።

ጾም በጎንደር ሴት ሕይወት ውስጥ ትልቅ ቦታ አለው። የዐቢይ ጾም ብቻውን 55 ቀን ነው፤ ረቡዕና ዓርብ፣ የነቢያት ጾም፣ የሐዋርያት፣ የፍልሰታ ሁሉ ሲደመሩ በዓመት ከ200 ቀን ያልፋሉ። በቤተ ክርስቲያን ሥርዓት የምታጠባ እናት እንደ ሌላው ሰው የማትገደድ ብትሆንም፣ ብዙ እናቶች ሕሊናቸው ስለማይፈቅድላቸው ይጾማሉ፤ ይህ ከንስሐ አባት ጋር የሚመከርበት ነገር ነው። በረመዳን ለምታጠባ ሙስሊም እናትም በሃይማኖቷ እንዲሁ ፈቃድ አላት። የምትጾም እናት ግን ከሰዓቱ በፊት ያለ ምግብ መቆየቱን ትታ የጾሙን ገበታ በመጠኑ ማወፈር ትችላለች፦ በየማዕዱ ወፈር ያለ ሽሮ ወይም ምስር፣ ስልጆ፣ በቆልት፣ የኑግ ወይም የሱፍ ፍትፍት። ባቄላን ማብቀልም ሆነ ሊጡን ማቡካት፣ በእህል ውስጥ ያለውንና ብረትንና ዚንክን አንቆ የሚይዘውን ንጥረ ነገር ይቀንሳል። በዚህ ሁሉ የማይሞላ አንድ ነገር አለ፤ እርሱም ቫይታሚን ቢ12 ነው። ጥራጥሬ ይህን ቫይታሚን ስለማይይዝ፣ ለረጅም ጊዜ ከእንስሳት ተዋጽኦ የራቀች እናት ወተቷም በእርሱ ሊደኸይ ይችላልና የጤና ባለሙያ ማማከር ይኖርባታል።

ከጥራጥሬ ሁሉ ግን አንዱን ለይቶ መጠንቀቅ ያስፈልጋል። ጓያ በፕሮቲን ከባቄላ አያንስም፤ ዋጋውም ርካሽ ነው፤ ድርቅንም ውኃ የሚተኛበትን መሬትም ስለሚችል በደምቢያና በፎገራ ሲዘራ ኖሯል። ነገር ግን በውስጡ ያለው መርዝ፣ ጓያው ለወራት ዋና ምግብ ሆኖ ሲበላ የነርቭ ሥርዓትን ጎድቶ እግርን ሽባ ያደርጋል፤ ጉዳቱም አይመለስም። በእነዚህ በሁለቱ ወረዳዎች በዚህ በሽታ የተጎዱ ብዙ ሰዎች በሕክምና ተመራማሪዎች ተመዝግበዋል። መዘፍዘፍና የዘፈዘፉበትን ውኃ መድፋት መርዙን ይቀንሳል እንጂ አያጠፋውም። የሽሮ ዱቄት ከገበያ የምትገዛ እናት ጓያ የተቀላቀለበት መሆን አለመሆኑን ብትጠይቅ፣ ቢቻል ደግሞ ሽምብራውንና አተሩን ራሷ ለቅማ ብታስፈጭ የተሻለ ነው።

የእንስሳት ተዋጽኦ ለሚቻላት እናት እንቁላል ከሁሉ ርካሹና አመቺው ነው። ከጣና ዳር ከጎርጎራ የሚመጣው ቆሮሶና አምባዛ ጥሩ ፕሮቲን ነው፤ የበሰለ 100 ግራም ዓሣ 20 ግራም ያህልና ከዚያም በላይ ይሰጣል። ወተት ሳይፈላ መጠጣት የለበትም፤ በጥሬ ወተት የሚተላለፉ የሳንባ ነቀርሳና ብሩሴሎሲስ ለአራስም ለሕፃንም ክፉ ናቸው። በቆርቆሮ የሚሸጠውን የፕሮቲን ዱቄት በተመለከተ፣ ጤነኛና ምግብ የምታገኝ እናት አያስፈልጋትም፤ የኩላሊት ሕመም ያለባት ደግሞ ሐኪሟን ሳትጠይቅ መጠኑን መጨመር የለባትም።

«ወተት ይስባል» ተብሎ የሚሰጠው አብሽ ራሱ ጥራጥሬ ነው፤ በ100 ግራም ውስጥ 23 ግራም ገደማ ፕሮቲን አለው። ይሁንና አንድ ማንኪያ አብሽ የሚሰጠው 2 ግራም ተኩል ቢሆን ነው፤ የደም ስኳርንም ስለሚቀንስ የስኳር መድኃኒት የምትወስድ እናት ልትጠነቀቅ ይገባታል። ወተትን ከሁሉ በላይ የሚያበዛው ጡቱ ደጋግሞ መጠባቱ ነው፤ ሕፃኑ በጠባ ቁጥር ሰውነት ሌላ እንዲያዘጋጅ ይታዘዛል። ፕሮቲን ከሚያስፈልገው በላይ መብላት ወተቱን አያበዛውም።

እጥረቱ መድረሱን ለማወቅ ምልክቶቹ አሻሚ ናቸው፤ ድካም ሌሊት በመንቃትም ይመጣል፣ በደም ማነስም ይመጣል። አንድ ቀላል መለኪያ ግን አለ። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች የግራ ክንድን የላይኛ ክፍል በመለኪያ ጥብጣብ ዙሪያውን ይለካሉ፤ የምታጠባ እናት ክንድ ዙሪያ ከ23 ሴንቲ ሜትር በታች ሲሆን በምግብ እጥረት እንደተጎዳች ይቆጠራል፣ ወደ ድጋፍም ትላካለች። ሕፃኑን ለክትባት ይዞ ጤና ኬላ የሄደ ሰው ልጁ ሲመዘን የእናትየውም ክንድ እንዲለካ ቢጠይቅ፣ ሥራው ከአንድ ደቂቃ አይበልጥም።