የኒኬል ባትሪ የሒሳብ ሞዴል እና የድሬዳዋ ሙቀት

የኒኬል ባትሪ የሒሳብ ሞዴል ቻርጅ የሚደረግ የኒኬል ባትሪ በተወሰነ ጭነትና ሙቀት ምን ያህል ቮልቴጅ እንደሚሰጥ፣ ስንት ሰዓትም እንደሚቆይ አስቀድሞ የሚያሰላ ቀመር ነው። ኒኬል-ካድሚየም፣ ኒኬል-ብረትና ኒኬል-ሜታል ሃይድራይድ ዋና ዋናዎቹ ዓይነቶች ናቸው። ለእጅ ባትሪ የሚገዛው ቻርጅ የሚደረግ «ድንጋይ» ብዙ ጊዜ የመጨረሻው ነው።

ኒኬል-ካድሚየምን ስዊድናዊው ቫልደማር ዩንግነር የሠራው በ1899 እ.ኤ.አ.፣ ሐዲዱ ድሬዳዋ ከመግባቱ ሦስት ዓመት ቀድሞ ነው። ሜታል ሃይድራይድ ገበያ ላይ የወጣው በ1989 እ.ኤ.አ. ነው።

በጣም የተለመደው ሞዴል በ1965 እ.ኤ.አ. የወጣው የሼፐርድ ቀመር ነው። ከባትሪው መነሻ ቮልቴጅ ላይ በውስጥ ተቃውሞ የሚጠፋውንና ባትሪው እየጎደለ ሲሄድ የሚጨምረውን ጫና ይቀንሳል፤ ሙሉ ባትሪ መጀመሪያ ላይ ለሚያሳየው ከፍታም ኤክስፖኔንሻል (ቶሎ እየቀነሰ የሚጠፋ ቁጥር) ይደምራል። የአንድ ሴል ቮልቴጅ ለረጅም ጊዜ 1.2 ቮልት አካባቢ ይቆይና መጨረሻ ላይ ወደ 1.0 ይወርዳል። ከሱ የሚቀድመው የፖይከርት ሕግ (ጭነት ሲበዛ ባትሪው የሚሰጠው አቅም ምን ያህል እንደሚያንስ የሚያሰላው) ለእርሳስ ባትሪ በ1897 እ.ኤ.አ. ቢወጣም ለኒኬልም ይሠራል። በአምስት ሰዓት ቀስ ብሎ ሲጎድል 2 አምፔር-ሰዓት የሚሰጥ ድንጋይ በ2 አምፔር ቢጫን፣ የሕጉ ቁጥር (የፖይከርት ቁጥር) 1.1 ከሆነ አንድ ሰዓት ሳይሆን 51 ደቂቃ ያህል ይሠራል።

የሙቀቱ ነገር ሰፋ ያለ ማብራሪያ ይፈልጋል። መጻሕፍቱ መለኪያዎቹን የሚወስዱት ከ20 እስከ 25 ዲግሪ ባለ ክፍል ውስጥ ነው። ድሬዳዋ ግን ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ቆላ ናት፤ በደንገጎ ዳገት አድርጎ 1,885 ሜትር ላይ ወዳለችው ሐረር የሚወጣ ሰው ልዩነቱን በቆዳው ያውቀዋል። የባትሪ እርጅናና ሳይሠራበት ቻርጁ በራሱ መጉደሉ እንደ አሬኒየስ ስሌት (ሙቀት የኬሚካል ለውጥን ምን ያህል እንደሚያፋጥን በሚያሰላው) በየ10 ዲግሪው በግምት እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ በ20 ዲግሪ በወር ከ20 እስከ 30 ከመቶ የሚያጣ ተራ ሜታል ሃይድራይድ በ30 ዲግሪ ከዚያ በብዙ ይበልጣል። ቻርጅ ሲደረግም እንዲሁ ነው፤ በ45 ዲግሪ የሚቀበለው 70 ከመቶ ገደማ፣ በ60 ዲግሪ 45 ከመቶ ገደማ ይሆናል። ፀሐይ ላይ የተቀመጠ የቆርቆሮ ሳጥን ውስጡ 45 ሊደርስ ይችላል። የምድር ባቡር ወርክሾፕ ብዙ ባለእጅ ያፈራባት ከተማ ውስጥ ይህን ቁጥር የማያስገባ ሞዴል ሙሉ ሊባል አይገባውም።

ሙቀት ቻርጁን የሚያሳንስበት ምክንያት ኦክሲጅን ነው። በመጨረሻው የቻርጅ ደረጃ የኒኬል ኤሌክትሮዱ (ከባትሪው ሁለት ዋልታዎች አንዱ) ላይ ኦክሲጅን ይወጣል፤ እሱም በሌላው ኤሌክትሮድ ተመልሶ ሲዋሃድ ሙቀት ይፈጠራል፣ ሙቀቱም ኦክሲጅኑን ያባብሳል። ቻርጀር «ሞላ» ብሎ የሚያቆመው ቮልቴጁ ጫፍ ደርሶ ጥቂት ሲወርድ አይቶ ነው፤ ለካድሚየም መውረዱ በሴል ከ10 እስከ 20 ሚሊቮልት ሲሆን ለሜታል ሃይድራይድ ያንሳል። አየሩ ሲሞቅ ምልክቱ ስለሚደበዝዝ የሙቀት መለኪያ ያለው ቻርጀር ይሻላል።

«ሜሞሪ» የሚባለውን (ደጋግሞ በከፊል ብቻ የተጠቀሙበት ባትሪ አቅሙ የሚያንስ የሚመስልበትን) ግን ሞዴሎቹ ብዙ ጊዜ ይዘሉታል። በሳተላይት የካድሚየም ባትሪ ላይ መታየቱ ቢነገርም፣ ቤት ውስጥ ሰዉ ሜሞሪ የሚለው አብዛኛው ከልክ ያለፈ ቻርጅ የሚያመጣው የቮልቴጅ መውረድ ይመስላል። የኒኬል ኤሌክትሮድ ቮልቴጅ ሲሞላና ሲጎድል በተለያየ መንገድ መሄዱ ግን አከራካሪ አይደለም፤ ቮልቴጁን ብቻ ለክቶ «ግማሽ አለው» ማለት ስለማይቻል የገባውንና የወጣውን አምፔር-ሰዓት መቁጠር ግድ ይላል።