ፕሮቲን ሳልገዛ ብረት ብጀምር ችግር አለው?

ጅማ ፈረንጅ አራዳ አካባቢ በምሠራበት ጂም አዲስ የተመዘገበ ልጅ ገና የጫማውን ክር ሳያስር የሚጠይቀኝ ይህንን ነው። ጂማችን ትንሽ ናት፤ ግማሹ ብረት በወተት ዱቄት ጣሳ ውስጥ ሲሚንቶ ሞልተን የሠራነው ነው። ደጋግሜ የምሰማቸውን እዚህ ልመልስ።

"ያለ ፕሮቲን ዱቄት ጡንቻ አይመጣም"

ዌይ የሚሉት ዱቄት ምን እንደሆነ ስነግራቸው ይስቃሉ። አጓት ነው! አሬራ ሞቆ አይቡ ሲወጣ የሚቀረው፣ ብዙ ቤት ለጥጃ የሚሰጠው ያ ቢጫማ ውሃ። ፋብሪካው ከፈረንጅ አይብ የተረፈውን አጓት አጣርቶ ያደርቀዋል፣ ቫኒላ ይጨምርበታል፣ ባልዲ ውስጥ ያሽገዋል። አንድ መስፈሪያ፣ 30 ግራም ገደማ፣ ከ20 እስከ 25 ግራም ፕሮቲን ይሰጣል።

ይህን የሰማ አንድ ልጅ በሳምንቱ ሁለት ሊትር አጓት በጀሪካን ይዞ መጣ። እሱም አያዋጣም፤ ያልተጣራ አጓት በሊትር 10 ግራም ፕሮቲን እንኳ አይሞላም። አይቡን ቢበላ ይሻለው ነበር፤ 100 ግራም አይብ 15 ግራም ያህል አለው።

ብረት ለሚገፋ ሰው በቀን ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደቱ 1.6 ግራም ገደማ ፕሮቲን ይበቃል። 60 ኪሎ ከሆነ 96 ግራም መሆኑ ነው። አንድ እንቁላል 6፣ አንድ ብርጭቆ ወተት 8፣ አንድ ኩባያ የበሰለ ምስር 18 ግራም ይይዛል። ከሂርማታ ገበያ ምስርና ሽምብራ ገዝቶ ቁጥሩን መሙላት ይቻላል። በምግብ አልሞላ ያለውና ኪሱ የሚችል ዱቄቱን ይግዛ፤ አልከለክልም።

"በጾም ብረት ከሠራህ ሰውነትህ ያልቃል"

ጂማችን ውስጥ ረመዳን የሚይዙም ሁዳዴ የሚጾሙም አሉ፤ ያለቀ ሰው አላየሁም። ሽሮ በእንጀራ የድሃ ምግብ ተብሎ ይናቃል እንጂ ፕሮቲን ከሚሠራባቸው አሚኖ አሲዶች ውስጥ ጥራጥሬው የሚያንሰውን ሜታዮኒን ጤፉ ያሟላለታል፣ ጤፉ የሚያንሰውን ላይሲን ደግሞ ጥራጥሬው። ችግሩ መጠኑ ነው፤ እንጀራው ሰፊ፣ ወጡ ቀጭን ይሆናል። ወጡ ይብዛ። ረመዳን የያዘ ደግሞ ከኢፍጣር በኋላ ቢሠራ ይቀለዋል፤ ሱሁርን መዝለል ግን የለም።

"እንቁላል ጥሬውን ነው"

ሰውነት ከተቀቀለ እንቁላል ፕሮቲን 90 በመቶ ያህሉን ሲወስድ ከጥሬው የሚያገኘው ግማሽ ገደማ ነው። ሳልሞኔላ የሚባል ሆድ የሚያሳምም ባክቴሪያም አለ። ይቀቀል።

"ዱቄቱ ሆርሞን ነው፣ ኩላሊት ይጨርሳል"

ዌይ ስቴሮይድ፣ ማለትም ጡንቻ ለማሳደግ የሚወሰደው ሆርሞን፣ አይደለም። የኩላሊት ሕመም ያለበት ሰው ሐኪሙን ሳያማክር አይንካው፤ ጤነኛ ኩላሊት ግን በልክ በተወሰደ ፕሮቲን ይጎዳል የሚል ማስረጃ የለም። እኔን የሚያስፈራኝ በፌስታል እየተመዘነ የሚሸጠው ነው። አንዴ ተታልዬ ገዝቼ ሳሟሟው የወተት ዱቄትና ስኳር ብቻ ቀመስኩ። ማሸጊያው የተከፈተ አይገዛም።

"ካላመመኝ አልሠራሁም ማለት ነው"

ጀማሪን ከጂም የሚያስቀረው ይሄኛው ነው። አንድ ልጅ በመጀመሪያ ቀኑ ስኳት (ቁጢጥ ብሎ መነሳት) እስኪበቃው ሠርቶ፣ በማግስቱ ሽንት ቤት ቁጭ ማለት አቅቶት ግድግዳ ይዞ እንደወረደ ራሱ ነግሮኛል። ሕመሙ የለመዱትን ያህል እየቀነሰ ይሄዳል፤ ጡንቻው ግን ማደጉን አያቆምም። የሚያሳድገው ትንሽ ትንሽ መጨመር ነው። በሳምንት ሁለት ሦስት ቀን፣ በአንድ ዙር ከ8 እስከ 12 ጊዜ፤ ዛሬ 20 ኪሎ 8 ጊዜ ከገፋ በሚቀጥለው 9 ጊዜ ይሞክር። ደብተር ይያዝ። ከባድ ልምምድ ተሠርቶ ሽንት እንደ ሻይ ከጠቆረ ግን ቀልድ የለም፤ በዚያው ቀን ሐኪም ቤት ነው።

"ሴት ብረት ካነሳች ወንድ ትመስላለች"

ጡንቻ የሚያሳድገው ሆርሞን፣ ቴስቶስትሮን፣ በሴት ላይ ከወንድ በብዙ እጥፍ ያነሰ ነው። እህቴ 20 ሊትር ጀሪካን ከቦኖ ስታመላልስ አድጋ 5 ኪሎ ዳምቤል ሳቀብላት "ወንድ ልታደርገኝ ነው?" አለችኝ። ጡንቻ ሳይፈልጉት እንዲሁ የሚመጣ ቢሆን ኖሮ እኔ ስድስት ዓመት ሙሉ በሲሚንቶ ጣሳ ባልተሠቃየሁ አልኳት።